አረፍ በይ

«እትዬ፣ ኧረ አረፍ በይ!»

ይህቺን ቃል ለታላቅ እህቴ ስንት ጊዜ እንዳልኳት አምላክ ይቁጠረው። ደብረ ብርሃን ቤቷ በሄድኩ ቁጥር ባልዲ ስታነሳ ካየኋት ተሯሩጬ እቀማታለሁ። ምጣድ ልትጥድ ስትነሳ ልጆቿ ይዘው ያስቀምጧታል። ጎረቤቱም አይሰንፍም፤ «እርስዎ ይቀመጡ፣ እኛ እያለን!» ይላታል። እትዬ ከአርባ ዓመት በላይ ዓይኗ በእንጨትና በኩበት ጭስ እየተጨናበሰ እንጀራ የጋገረች ሴት ናት። ሲጋራ የሚባል ነገር አፏ ደርሶ አያውቅም። ሐኪሞቹ ግን ራጅ አንስተው፣ በቱቦም አስነፍተው ሲያበቁ የነገሩን በሽታ በፈረንጅ አገር በአብዛኛው አጫሾችን የሚይዘው ነው፤ የሳንባን የአየር መተላለፊያ የሚያጠብ፣ ተመልሶ የማይድን፣ ሥር የሰደደ በሽታ። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ተሰጣት። እኛ ደግሞ የራሳችንን መድኃኒት ጨመርንበት፦ ወንበር።

ሦስት ዓመት እንዲህ ተንከባከብናት። በመጀመሪያው ዓመት እየቆመችም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ትመለስ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ከግቢ በር አላለፈችም። በሦስተኛው፣ ከአልጋዋ ተነስታ ሽንት ቤት እስክትደርስ መሐል ላይ ግድግዳ ተደግፋ ትንፋሿን ትሰበስባለች። እኛም ፊታችንን አጨፍግገን «በሽታው ጠናባት» እንባባላለን።

በመጨረሻ አዲስ አበባ አምጥቼ አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ወሰድኳት። ልጅቷ ሳንባዋን ታያለች ብዬ ስጠብቅ ጭኗን ዳበሰች። ከበርጩማ ላይ እጇን ሳትደገፍ እንድትነሳ ጠየቀቻት። እትዬ ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ አልቻለችም። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ ብሎ ያዘዘላቸው ማን ነው?»

«ማንም አላዘዘ። እኛው ነን፤ እንዳይደክማት ብለን።»

«ሳንባቸውን የጎዳው ጭሱ ነው» አለችኝ ረጋ ብላ። «እግራቸውን ግን እናንተ ናችሁ።»

መቼም ሰው በፍቅር ባደረገው ነገር ሲወቀስ መጀመሪያ የሚመጣበት ንዴት ነው። እኔም ተናደድኩ። ልጅቷ ቀጥላ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለሁለት ወር እየመጣች እንድትሠራ ጠየቀች። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። መጸዳጃ ቤት ለመድረስ ግድግዳ የምትደገፍ ሴት በሳምንት ሁለቴ መኪና ተሳፍራ ትመላለስ? ይህንኑ ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው በስልክ እንሠራለን። ሐሙስ ሐሙስ እደውላለሁ» አለች። በልቤ «በስልክ ደግሞ ምን ዓይነት ሕክምና ነው?» አልኩ። እቤቴ ስመለስ ግን ንዴቱ ወደ ንባብ ተለወጠ። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ነገር ሲከነክነው መጽሐፍ ከመግለጥ ሌላ የሚያውቀው የለም። ሁለት ነገር ማወቅ ፈለግሁ። አንደኛ፣ ሳንባው የታመመ ሰው ይቀመጥ የሚለው እምነት ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ ሐኪሙ እዚያ፣ ሕመምተኛው እዚህ ሆኖ መዳን ይቻላል ወይ?

ለነገሩ የመጀመሪያውን ጥያቄ ቋንቋችን ራሱ ሲጠይቀን ኖሯል፤ እኛ አልሰማነውም እንጂ። በአማርኛ «አረፈ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። ሰውየው ከድካሙ ዐረፍ አለ፤ ወይም ሰውየው ሞተ። ሁለቱን የሚለየን ከፊትና ከኋላ የምንጨምረው ቃል ብቻ ነው። እትዬን «አረፍ በይ» ስላት የመጀመሪያውን ማለቴ ነበር። ሰውነቷ የሰማኝ ግን ሁለተኛውን ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ታሪኩ። ዕረፍት የሳንባ መድኃኒት ሆኖ የነገሠው በአስራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት፣ በሳንባ ነቀርሳ ዘመን ነው። የሚገርመው ታሪኩ የሚጀምረው በተቃራኒው መሆኑ ነው። ሄርማን ብሬመር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጌርበርስዶርፍ በምትባል፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ በምትገኝ ተራራማ መንደር የነቀርሳ ሕሙማን ማገገሚያ ከፈተ። ሕመምተኞቹን አቀበት ያስወጣቸው ነበር፤ በልክ በልክ፣ በየመንገዱ ዳር አግዳሚ ወንበር አስቀምጦ። ካከማቸው ሰዎች አንዱ ፔተር ዴትቫይለር ይባላል፤ ሐኪም ነበርና ቆይቶ ረዳቱ ሆነ። ይኸው ተማሪ በ1876 ፍራንክፈርት አጠገብ ፋልከንሽታይን ላይ የራሱን ማገገሚያ ሲመራ የመምህሩን ነገር ገለበጠው። ሕመምተኛው ከቤት ውጭ በረንዳ ላይ፣ በተዘረጋ ወንበር፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቀኑን ሙሉ ይተኛ አለ። መምህሩ አስነሳ፣ ተማሪው አስተኛ። አውሮፓ ተማሪውን ተከተለች።

ቶማስ ማን በ1924 ያሳተመው ታላቅ ልቦለድ የሚፈጸመው እንዲህ ባለ የስዊስ ተራራ ማገገሚያ ውስጥ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ የታመመ ዘመዱን ሊጠይቅ ለሦስት ሳምንት ይሄድና ሰባት ዓመት ይቀራል። ይህን መጽሐፍ ያነበብኩት በወጣትነቴ ስለ ዘመንና ስለ ፍልስፍና የተጻፈ ነው እያልኩ ነበር። ዛሬ ስመለከተው ስለ ወንበርም ነው። ወንበር ከያዘ አይለቅም።

እርግጥ ነው፣ ያልተቀመጡም ነበሩ። ቻርልስ ዴኒሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም፣ ራሱም በነቀርሳ ታሞ ወደ ዴንቨር ተራሮች የተሰደደ ሰው፣ በ1895 ለሳንባ ሕሙማን ስለ እንቅስቃሴና ስለ ምግብ መጽሐፍ ጻፈ። እንግሊዝ ውስጥ ማርከስ ፓተርሰን በ1905 በተከፈተው የፍሪምሊ ማገገሚያ ሕመምተኞቹን መጀመሪያ በእግር አስኬዳቸው፤ ከዚያ ቅርጫት አሸከማቸው፤ ከዚያ ትንሽ አካፋ፣ ቀጥሎ ትልቅ አካፋ፣ በመጨረሻም ዶማ አስያዛቸው። እነዚህ ሰዎች ለምን እንደሚጠቅም የሰጡት ማብራሪያ ዛሬ ተቀባይነት የለውም። ነቀርሳን የሚያድነው መድኃኒት መሆኑም ስትሬፕቶማይሲን በ1943 ከተገኘ በኋላ ታወቀ። ግን ሰውን ጥቂት በጥቂት፣ በልክ ማነሳሳት የሚለውን ነገር ይዘው ነበር። ነቀርሳው በክኒን ሲሸነፍ ይተኛ የሚለው ልማድ አብሮ አልተሸነፈም። ትንፋሽ ወዳጠረው ሰው ሁሉ ተላለፈ። በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የአየር ቧንቧው የጠበበ ሰው ሐኪሙ ዘንድ ሲሄድ «ራስህን አታድክም» ይባል ነበር። እኛስ ምን አልን? ያንኑ።

ሁለተኛውን ጥያቄዬን የሚመልሰው ደግሞ በዚሁ ክኒን ዘመን፣ በ1950ዎቹ፣ ሕንድ አገር ማድራስ ውስጥ የተደረገ ጥናት ነው። በዛሬ ስሟ ቼናይ። ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ ክኒኑ ተገኝቷል፤ ለሚሊዮኖቹ ሕሙማን ግን አልጋ የለም፤ ታዲያ እቤታቸው ሆነው ቢታከሙስ? ወላስ ፎክስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የመራው ቡድን 193 ሕሙማንን በዕጣ ከሁለት ከፈለ። ግማሹ ማገገሚያ ገባ፤ ዕረፍት፣ ንጹሕ አየር፣ ጥሩ ምግብ። ግማሹ በተጨናነቀው ድሃ ሰፈሩ፣ ያችኑ ጎዶሎ ምግቡን እየበላ፣ ያንኑ መድኃኒት ወሰደ። ውጤቱ በ1959 ሲወጣ ሁለቱ ወገኖች በመዳን ረገድ ተቀራራቢ ሆኑ። ቤተሰባቸውም ማገገሚያ ከገቡት ሰዎች ቤተሰብ የበለጠ አልተያዘም። በረንዳው፣ ተራራው፣ ወንበሩ፣ ያ ሁሉ ወጪ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በልልኝ። ማድራስ ላይ ሰዎቹ ክኒን ተሰጥቷቸው «በሉ እንግዲህ» ተብለው አልተሰናበቱም። እየተሄደ ይጎበኙ ነበር፤ መድኃኒቱን ስለ መውሰዳቸው ሽንታቸው ይመረመር ነበር። የቀረው ሕንጻው ነው፤ ጠያቂው አልቀረም። ሕክምና ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቤት ሲሄድ የሚድነውም የሚወድቀውም በዚህች ነጥብ ነው።

ወደ እትዬ በሽታ ልመለስ። በ1952 ኒው ዮርክ ውስጥ አልቫን ባራክ የሚባል ሐኪም ትንፋሽ ያጠራቸውን ሕሙማን ኦክስጅን እየሰጠ አስኬዳቸው። ከጊዜ በኋላ ያለ ኦክስጅንም የተሻለ ሲራመዱ አየ። ስፖርተኛ ሲለማመድ የሚያገኘው ዓይነት ለውጥ አግኝተው ሊሆን ይችላል ብሎ ገመተ። ሰሚ አላገኘም። በ1960ዎቹ ደግሞ ዴንቨር ላይ ቶማስ ፔቲ የሚባል ሐኪም፣ ሉዊዝ ኔት ከተባለች ነርስና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር፣ ተሸክመው የሚሄዱትን ኦክስጅን፣ የአተነፋፈስ ልምምድን፣ እግር ጉዞንና ትምህርትን አንድ ላይ አደረገ። የ182 ሕሙማንን ውጤት በ1969 አሳተሙ። ዛሬ የሳንባ የተሐድሶ ሕክምና የሚባለው ከሞላ ጎደል ይህ ነው። (ተሐድሶ የሚለው ቃል በእኛ አገር ብዙ ጣጣ እንዳለበት አውቃለሁ፤ እዚህ የምናድሰው ጡንቻ ብቻ ነው።)

ምሥጢሩ ምንድን ነው? ልጅቷ ጭኗን የዳበሰችበት ምክንያት ነው። ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ይቀመጣል። የተቀመጠ ሰው የእግሩ ጡንቻ ይሟሽሻል። የሟሸሸ ጡንቻ ጥቂት ሲሠራ ቶሎ አሲድ ያመነጫል፤ አሲዱ ደግሞ «ተንፍስ፣ ተንፍስ» እያለ የተጎዳውን ሳንባ ያስጨንቀዋል። ሰውየው አሁንም ይቀመጣል። አዙሪት ነው። በ1991 የታተመ ጥናት እንዳሳየው እነዚህ ሕሙማን በልምምድ ከጠነከሩ በኋላ ያንኑ ሥራ ሲሠሩ የሚያመነጩት አሲድም የሚፈልጉት አየርም ይቀንሳል። ሳንባው አልዳነም፤ አይድንምም። እግሩ ግን ከሳንባው ላይ ሸክም ያነሳለታል። በ2015 ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት 65 ጥናቶችን፣ 3,822 ሕሙማንን ደምሮ ካየ በኋላ ጥያቄው ተመልሷል፣ ይጠቅማል ወይ እያላችሁ ከእንግዲህ አትድከሙ ብሎ መዝገቡን ዘጋ። በሕክምና ዓለም መዝገብ መዝጋት ብርቅ ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ ከታወቀ ሰው ሁሉ ያገኘዋል ማለት ነው? የት ተደርሶ! አሜሪካ ውስጥ በ2012 በዚህ በሽታ ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ አረጋውያን መካከል በስድስት ወር ውስጥ ይህን ሕክምና የጀመሩት 1.9 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ያውም መድኅን እያላቸው። ከምክንያቶቹ አንዱ ርቀት ነው። እንግዲህ ነገሩን አስቡት፦ መሄድ ላቃተው ሰው መሄድ እናስተምርህና ሄደህ ና ይሉታል። እኔ ለልጅቷ «ከደብረ ብርሃን?» ያልኳትን ነገር የአሜሪካ ሽማግሌም ይለዋል።

እዚህ ላይ ነው ስልኩ የሚገባው። ስልክና ሳንባ ትውውቃቸው የቆየ ነው። ስልክ ገና በተፈለሰፈ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1879፣ አንድ ሐኪም የሕፃን ሳል በስልክ አዳምጦ «አይዟችሁ፣ ያ የምትፈሩት የጉሮሮ በሽታ አይደለም» ብሎ ቤተሰቡን እንዳረጋጋ ይተረካል። በእኛም አገር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስልክ ሲገባ ሰው ሳይታይ ድምፅ መሰማቱ የሰይጣን ሥራ ነው ተብሎ እንደነበር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ወሬ አለ። «በስልክ ምን ዓይነት ሕክምና ነው?» ያልኩት እኔም ከእነዚያ አባቶች ብዙ አልራቅሁም።

በ2017 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት እትዬ የገጠማትን ነገር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሜልበርን ላይ 166 ሕሙማን በዕጣ ተከፈሉ። አንዱ ወገን ለስምንት ሳምንት በሳምንት ሁለቴ ሆስፒታል እየተመላለሰ ሠራ። ሌላው ወገን አንድ ጊዜ ባለሙያ እቤቱ መጣለት፤ ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው ሰባት ጊዜ ተደወለለት። መሣሪያ የለ፣ ካሜራ የለ፤ ተራ ስልክ። በስድስት ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል ይራመዳሉ ተብሎ ሲለካ የቤቶቹ ከሆስፒታሎቹ አላነሱም። ሥልጠናውን በአግባቡ ያጠናቀቁት ደግሞ ከቤቶቹ 91 ከመቶ፣ ከሆስፒታሎቹ 49 ከመቶ ነበሩ። በ2020 ኮፐንሃገን ላይ በጠና በታመሙ 134 ሰዎች፣ በቪዲዮ እየተያዩ ሲሠሩ የተደረገው ጥናትም በውጤት ልዩነት አላገኘም፤ የጨረሱት ግን ከስክሪኑ ወገን 57፣ ከሆስፒታሉ 43 ነበሩ። በዚያው ዓመት ኮቪድ መጣና የሳንባ ሕመምተኛን አንድ አዳራሽ መሰብሰብ ራሱ አደጋ ሆነ፤ ሲያመነታ የነበረውም ወደ ስልክ ሮጠ። ኮክሬን በ2021 15 ጥናቶችን፣ 1,904 ሰዎችን መዝኖ ያገኘው ተመሳሳይ ነው። በርቀት የሚሠሩት 93 ከመቶ ሲጨርሱ በአካል የሚመላለሱት 70 ከመቶ ናቸው፤ በውጤት ረገድ ግን ያን ያህል አይለያዩም።

ነገር አላሳምርም። የሜልበርኖቹ ከዓመት በኋላ ሲለኩ ያገኙት ብርታት በሁለቱም ወገን ሸሽቷል፤ ደዋዩ ሲቀር ሰው ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ጥናቶቹ የተደረጉትም በአብዛኛው በሀብታም አገር፣ በአንድ ዓይነት የሳንባ በሽታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ምርመራም በስልክ አይሆንም፤ ልብ መታየት አለበት፣ በእንቅስቃሴ ጊዜ ኦክስጅን እንዴት እንደሚወርድ መለካት አለበት። እትዬም አዲስ አበባ አንድ ጊዜ መምጣቷ የግድ ነበር።

እንዴት እንደሆነላት ልንገራችሁ። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮሃል። «እማማ፣ እንዴት አደሩ? ትናንት እስከ የት ሄዱ?» እትዬ የምትለካው በሜትር ሳይሆን በመብራት ምሰሶ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ምሰሶ፤ በአራተኛው ሦስት። ከበርጩማ መነሳትና መቀመጥ፣ መጀመሪያ አምስት ጊዜ፣ ኋላ አስራ ሁለት። በግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልቶ ክንድን ማንሳት። ትንፋሽ ሲያጥር ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ከንፈርን አሹሎ ቀስ ብሎ መተንፈስ። ደረቷን ከወጋት፣ ካዞራት ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ አቁማ ወደ ሐኪም ቤት። ይኸው ነው። ልጆቿ ረቡዕ ማታ ስትፍጨረጨር ያዩዋታል፤ «ነገ ልትደውል ነው፤ ሳልሠራ ብትይዘኝስ?» ትላቸዋለች።

በሁለተኛው ሐሙስ ልጅቷ ያልታሰበ ጥያቄ ጠየቀቻት። «ወጥ ቤቱ ጭስ መውጫ አለው?» የለውም። አሁን እዚያ የምትጋግረው የአስራ ስድስት ዓመት የልጅ ልጇ ናት። እኔ ያንን ቤት በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንቴ ረግጬዋለሁ፤ እንጀራውን አወድሼ እበላለሁ እንጂ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም። አሁን ጣሪያው ተቀዶ ቱቦ ወጥቶለታል፤ ምድጃውም በተሻለ ተቀይሯል። አያቲቱን በስልክ እያስነሱ የልጅ ልጅን እዚያው ጭስ ውስጥ መተው ሌላ እትዬ መሥራት ነው።

በአገራችን እንዲህ ያለ ሰው ስንት ይሆን? አብዛኛው ቤት ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ከነቀርሳ ድነው ሳንባቸው ጠባሳ ይዞ የቀረም አሉ። በሌላ በኩል የሳንባ ስፔሻሊስቶች ሥልጠና ጥቁር አንበሳ ውስጥ የተጀመረው ገና በ2013 ነው። ሐኪሙ ጥቂት ነው፣ አገሩ ሰፊ ነው። ግን ባዶ እጃችንን አይደለንም። ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ያንኳኳሉ፤ ስልክ ከውሃ ቧንቧ ቀድሞ የገባበት መንደር ብዙ ነው። ኡጋንዳ፣ ካምፓላ ላይ፣ ከነቀርሳ በኋላ ሳንባቸው የተጎዳ ሰዎችን ስድስት ሳምንት አሠልጥነው የመራመድ አቅማቸው መሻሻሉን በ2017 ጽፈዋል። የሚያስፈልገው ምሰሶ የሚቆጥርና የሚጠይቅ ሰው ነው።

ባለፈው ደብረ ብርሃን ስሄድ እትዬ ግማሽ ባልዲ ውሃ አንጠልጥላ ከቧንቧው ስትመለስ አገኘኋት። እጄ ሊነጥቃት ተዘረጋ። «ተው!» አለችኝ። «ትናንት ያላደረስኩት አለብኝ።» ሁለቴ ቆማ፣ ከንፈሯን አሹላ ተንፍሳ፣ በራፉ ላይ አስቀመጠችው። ሳንባዋ ያው የተጎዳው ሳንባ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ደርሳ ትመለሳለች።

አንድ ነገር ይከነክነኛል። ልጅቷ የምትደውለው መሥሪያ ቤቷ አዟት አይደለም። በራሷ ስልክ፣ በራሷ ሂሳብ ነው፤ በሥራ ዝርዝሯ ላይ «መደወል» የሚባል ነገር የለም። ስንቴ ጠይቄያት ካርድ እንኳ ልሙላልሽ ብላት እሺ አላለችም። ስምንቱ ሳምንት ካለቀ በኋላም በወር አንዴ ትደውላለች። የማድራሶቹ ጠያቂዎች ደመወዝተኞች ነበሩ፤ የሜልበርኗ ደዋይም እንዲሁ። የእኛዋ የምትደውለው ከደግነቷ ነው። ደግነት ደግሞ ሥራ ሲበዛበት፣ ልጅ ሲወልድ፣ ሌላ አገር ሲሄድ ይቆማል። ያን ጊዜ እትዬን ማን ይደውልላታል? እኛማ የምናውቀው አንድ ቃል ነው።